ግንዱ የት ነው የሚሰነጠቀው? ስለ ደን ባዮኢኮኖሚ ለተነሳው ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ገጠር ልማት ላይ ነው የምሰራው። በየስብሰባው የደን ባዮኢኮኖሚ የሚባል ነገር ይነሳል፣ ከእንጨት ልብስ ይሰራል፣ ፕላስቲክ ይሰራል፣ ለገጠሩ ስራ ይፈጥራል ይባላል። እውነት ነው ወይስ ዛፍ ቆርጦ መሸጥን በአዲስ ስም ማሳመር ነው? እውነት ከሆነስ ደን አጠገብ ላለ ሰው ከምን ይጀመራል?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳታሽሞነሙኚ ስላቀረብሽው ደስ ብሎኛል። ረዘም አድርጌ ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም አጭሩ መልስ «ሁለቱም ነው» የሚል ነው፣ እሱ ደግሞ ለስራሽ ምንም አይጠቅምሽም። ሙያዬ የደን ውጤቶች ነው፣ ዕድሜዬን ግንድ ስለካና መሰንጠቂያ ቤት ስዞር ነው ያሳለፍኩት፣ ስለዚህ ወደ ጣውላው ትንሽ ማድላቴን ከወዲሁ እወቂልኝ። ዓመቶቹን ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ቃሉን እናቅልለው። ባዮኢኮኖሚ ማለት ከነዳጅ ዘይት፣ ከሲሚንቶ፣ ከብረት የምንሰራውን ነገር ከሚበቅል ነገር መስራት ነው፣ የሚበቅለው ነገር ደን ሲሆን የደን ባዮኢኮኖሚ ይባላል፣ በቃ ይሄው ነው። የአውሮፓ ህብረት በ2012 ስትራቴጂ አወጣለት፣ ፊንላንድ በ2014 የራሷን አስከተለች፣ ከዛ ወዲህ ስብሰባው ሁሉ አነሳው። ስራው ግን ከስሙ ይቀድማል። እንጨት ደርቆ ሲመዘን ከ40 እስከ 45 ፐርሰንቱ ሴሉሎስ ነው፣ ሩብ ገደማው ሄሚሴሉሎስ፣ ከ20 እስከ 30 ፐርሰንቱ ደግሞ ሊግኒን የሚባለው ቃጫውን አጣብቆ የሚይዘው ነገር ነው። ከሴሉሎሱ ወረቀት፣ ካርቶን፣ ቪስኮስ የሚባለው ጨርቅ ይወጣል። ሊግኒኑን አብዛኛው የፐልፕ (ለወረቀት የሚሆን የእንጨት ሊጥ) ፋብሪካ ለራሱ ቦይለር ያቃጥለዋል፣ ግን ኖርዌይ ሳርፕስቦርግ ላይ ያለው የቦረጋርድ ፋብሪካ ስፕሩስ ከሚባለው የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ሊግኒን ቫኒሊን፣ ማለትም የቫኒላን ጣዕም የሚሰጠውን ኬሚካል፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲያመርት ኖሯል። ስለዚህ ከእንጨት ልብስ ይወጣል ያሉሽ ሰዎች አልዋሹሽም፣ የዘለሏት ነገር ብትኖር ልብሱ የሚሰራው ደኑ አጠገብ አለመሆኑን ነው።

እኔ አንድ ፕሮጀክት ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደሚመረት አይደለም፣ ግንዱ የት እንደሚሰነጠቅ ነው። ምን መሰለሽ፣ አሁን የተቆረጠ ዛፍ ክብደቱ ግማሽ ገደማው ውሃ ነው (እንደ ዛፉ ዓይነት ከፍ ዝቅ ይላል)። ግንዱ ተሰንጥቆ ጣውላ ሲሆን ደግሞ ከግንዱ ጣውላ ሆኖ የሚወጣው በግምት ግማሹ ነው፣ የቀረው ቅርፊት፣ ልጣጭ፣ ሰጋቱራ ይሆናል። እስቲ አብረን እናስላው፣ 20 ቶን እርጥብ ግንድ የጫነ መኪና ወደ 10 ቶን ውሃ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ከቀረው 10 ቶን ደግሞ 5 ቶኑ ብቻ ነው ጣውላ የሚሆነው። ስለዚህ አንድ ሰው ለ15 ቶን ውሃና ልጣጭ የትራንስፖርት ሂሳብ እየከፈለ ነው፣ የሚከፍለው ደግሞ ነጋዴው እንዳይመስልሽ፣ ነጋዴው ለግንዱ ከሚሰጠው ዋጋ ላይ ቀንሶ ነው የሚያስበው፣ በመጨረሻ ከባለ ደኑ ኪስ ነው የሚወጣው። መሰንጠቅና ማድረቅ ደኑ አጠገብ ቢሆን ይሻላል የምለው ለገጠሩ አዝኜ እንዳይመስልሽ፣ ሚዛኑ ራሱ ነው የሚለው።

ሁለተኛው ጥቅም ደግሞ ልጣጩና ሰጋቱራው እዛው መቅረቱ ነው። ልጣጩ ማድረቂያውን ያሞቃል፣ ሰጋቱራው ደርቆ ይጨመቅና ፔሌት የሚባል ማገዶ ይሆናል ወይም ለችፑድ ፋብሪካ ይሸጣል፣ ቅርፊቱ ለአፈር ይሆናል። እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቂ። በፕሮጀክት ብር የተገዛ የፔሌት ማሽን ተሸፍኖ ቆሞ ያየሁበት ጊዜ አለ፣ ማሽኑ አልተበላሸም፣ ፔሌት የሚጨመቀው ሰጋቱራ እርጥበቱ 10፣ ቢበዛ 15 ፐርሰንት አካባቢ መሆን አለበት፣ የሚመጣላቸው ግን 50 ፐርሰንት ነበር፣ ማድረቂያ ደግሞ ማንም በጀት ላይ አላስገባም። ማሽን መግዛት ፎቶ ላይ ያምራል፣ ማድረቂያ አያምርም መሰለኝ።

ስለ ማድረቅ ከተነሳ ልጨምርበት፣ ማንም ስለማያወራለት። እርጥብ ጣውላ ስትሸጪ ገዢው ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል ብሎ ዋጋ ይሰብርብሻል፣ ልክም ነው፣ ይጣመማል። ያንኑ ጣውላ ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ በየደርቡ መሀል ውፍረታቸው እኩል የሆነ ቀጫጭን ዘንግ አስገብተሽ፣ ዘንጎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር እንዲውሉ አድርገሽ፣ ከላይ ጥላ ከላይም ክብደት ጭነሽበት፣ ጫፉን በቀለም ወይ በሰም ቀብተሽ (ውሃ በጫፍ በኩል ስለሚፈጥን ነው የሚሰነጠቀው) ለወራት ብታቆዪው ሌላ ዕቃ ነው የሚሆነው። ይሄ ካፒታል አይፈልግም ማለት ይቻላል፣ የሚፈልገው ትዕግስትና ገንዘቡን ለወራት የሚጠብቅ አቅም ነው። እና እሱ ነው ችግሩ፣ ደን አጠገብ ያለ ሰው ዛሬ ብር ይፈልጋል፣ ስለዚህ እርጥቡን ይሸጣል። ለዚህ ነው እኔ ከማሽን ይልቅ ጣውላው እስኪደርቅ ድረስ የሚያቆይ አነስተኛ ብድር ብዙ ቦታ ላይ የበለጠ ስራ ይሰራል ብዬ የማምነው።

ደርቆ የተሰራ እንጨት እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ኖርዌይ ውስጥ ብሩሙንዳል የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ በ2019 ያለቀውን ምዮስቶርኔት ህንጻ ተመልከቺ፣ 18 ፎቅ፣ 85.4 ሜትር፣ ዋና ዋና ምሰሶና ወጋግራው በማጣበቂያ የተደራረበ ጣውላ ነው። ፎቁ ብዙም አይገርመኝም፣ የሚገርመኝ ምሰሶዎቹ የተመረቱት እዛው አቅራቢያ ሐይቅ ዳር ባለ ፋብሪካ፣ ከአካባቢው ደን በወጣ ስፕሩስ መሆኑ ነው። ደኑ፣ መሰንጠቂያው፣ ማጣበቂያው፣ ህንጻው፣ ሁሉም በጥቂት ኪሎሜትር ውስጥ።

አሁን ወደ ትልልቁ እንሂድ፣ ምክንያቱም ስብሰባ ላይ ስላይድ የሚሰራላቸው እነሱ ናቸው። ፊንላንድ አኔኮስኪ ላይ በ2017 ስራ የጀመረው ፋብሪካ ወደ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ፈጅቷል፣ በዓመት 1.3 ሚሊዮን ቶን ፐልፕ ያመርታል፣ ለዛ ደግሞ 6.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንጨት ይፈልጋል። ከነዳጅ ምንም ሳይጠቀም ራሱን አሙቆ የተረፈ መብራት ይሸጣል። ድርጅቱ በመላው የምርት ሰንሰለቱ ወደ 2,500 የሚሆን ስራ አለ፣ ከዛ ውስጥ 1,500ው አዲስ ነው ብሎ ነው የተናገረው። ቁጥሩን ከኢንቨስትመንቱ ጋ አስተያዪው፣ ለአንድ ስራ የወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም፣ አብዛኛው ስራ ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ ሳይሆን ቆራጩ፣ ጫኙ፣ ሹፌሩ፣ የማሽን ጠጋኙ ጋ ነው ያለው። ይሄ እንግዲህ መጥፎ ዜና ይመስላል ግን አይደለም፣ ገጠር የሚቀረው ስራ ያው እሱ ነው። የፐልፕ ፋብሪካ በባህሪው ግዙፍ ካልሆነ አያዋጣም፣ ኬሚካሉን መልሶ የሚያጣራው ክፍል ብቻ ትንሽ ፋብሪካን ያከስራል፣ ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ ለትንሽ ወረዳ የሚሆን የፐልፕ ፋብሪካ ልስራላችሁ ካለሽ ጥያቄ አብዝተሽ ጠይቂው።

ስለ አኔኮስኪ ሲወራ ሁሌ የሚረሳው ግን ባለቤቱ ነው። ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሰው ሜትሳ ግሩፕ የደን ባለቤቶች የኅብረት ሥራ ማህበር ነው፣ አባሎቹ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ቤተሰቦች ናቸው። ፊንላንድ ውስጥ ከደኑ አብዛኛው በቤተሰብ የተያዘ ነው፣ ስለዚህ ያ ገበሬ ሁለቴ ያገኛል፣ አንዴ ግንዱን ሲሸጥ ሌላ ጊዜ ፋብሪካው ሲያተርፍ። ይሄን ሞዴል ቴክኖሎጂውን ብቻ ነቅለሽ ባለቤትነቱን ትተሽ ብትወስጂው የሚቀርሽ ግንድ አቅራቢነት ነው። እና አቅራቢ አንድ ገዢ ብቻ ካለው ዋጋ አይናገርም፣ ይነገረዋል።

ባለቤትነት ስል የግድ የመሬት ካርታ ማለቴ አይደለም፣ ረጅምና የማይነጠቅ የመጠቀም መብት ይበቃል። ጓቲማላ ፔቴን ክልል ውስጥ የማያ ባዮስፌር ሪዘርቭ በ1990 ተከለለ፣ ከዛ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በውስጡ ለሚኖሩና በዙሪያው ላሉ ማህበረሰቦች የ25 ዓመት የደን ኮንሴሽን (ደኑን የመጠቀም ውል) ተሰጠ። ማሆጋኒ በልክ እየቆረጡ ራሳቸው ይሰነጥቃሉ፣ ሻቴ የሚባለውን ለአበባ ማስጌጫ የሚሆን ቅጠል ለቅመው ይልካሉ፣ እንደ ግዴታ ደግሞ ደኑ በአግባቡ መያዙን የሚመሰክረውን የኤፍ ኤስ ሲ ሰርተፍኬት መያዝ ነበረባቸው። በ2003 ተሰባስበው ፎረስኮም የሚባል የጋራ ሻጭ ድርጅት አቋቋሙ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ለብቻው የገዢውን ትዕዛዝ መሙላት አልቻለም ነበር። የሚገርምሽ፣ እነዚህ ሰዎች ዛፍ የሚቆርጡበት ደን አንድም ዛፍ አይነካም ተብሎ ከተከለለው፣ በሪዘርቩ ምዕራብ ካለው ፓርክ በተሻለ ነው የቆየው። ፓርኩን ለከብት ግጦሽ አቃጥለው ሲገቡበት የሚከላከልለት ሰው አልነበረም፣ ኮንሴሽኑን ግን የሚኖሩበት ሰዎች በእግር እየዞሩ ይጠብቁታል፣ እሳት እንዳይዛመት መከላከያ መስመር ይጠርጋሉ። ሜክሲኮ ዋሃካ ተራሮች ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ ደኑ ለሩብ ክፍለ ዘመን ያህል ለወረቀት ፋብሪካ በኮንሴሽን ተይዞ ማህበረሰቡ በገዛ ደኑ የቀን ሰራተኛ ሆኖ ኖረ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታግለው አስቆሙት፣ ዛሬ ኢሽትላን ዴ ኋሬዝ የሚባለው ማህበረሰብ የራሱ መሰንጠቂያና የራሱ የፈርኒቸር ፋብሪካ አለው።

መብት ብቻውን ግን ገቢ አይሆንም። ኔፓልን እይ። በ1993ቱ የደን ህግ ደኑ ለተጠቃሚ ቡድኖች ተላለፈ፣ ዛሬ ከ22 ሺህ በላይ ቡድን አለ፣ በሳተላይት ምስል የተሰራ ጥናት የአገሪቱ የደን ሽፋን በ1992 ከነበረበት 26 ፐርሰንት በ2016 ወደ 45 ፐርሰንት እንደደረሰ አሳይቷል (ሁሉም የዚህ ህግ ውጤት ነው ባይባልም፣ ወጣቱ ውጭ አገር ስራ ሄዶ እርሻው ስለተተወም ነው)። ደኑ ተመለሰ፣ ግን ብዙ ቡድን ከማገዶና ከሳር ያለፈ ገቢ የለውም፣ ግንድ ለመቁረጥና ለማጓጓዝ የሚጠየቀው ወረቀትና ፈቃድ ብዙ ስለሆነ ሰው ይሰለቻል። በነገራችን ላይ አንድ የምወድላቸው ነገር አለ፣ የ2009 መመሪያቸው ከቡድኑ ገቢ ቢያንስ 35 ፐርሰንቱ ለድሃ አባላት እንዲውል ያዝዝ ነበር፣ 25 ፐርሰንቱ ደግሞ ለደኑ ራሱ። ማህበር ሲባል ሁሉም እኩል ያገኛል ብለን ስለምንገምት ነው ይሄን የማነሳው፣ በተግባር ስብሰባ ላይ የሚናገረው ባለ ከብቱ ነው፣ ጭራሮ የምትለቅመው ሴት ደኑ ሲከለል መጀመሪያ ትከለከላለች።

እንጨት ስላልሆኑት ውጤቶችም ጠይቀሽ ባይሆን እንኳ ማንሳቴ አይቀርም። ከሁሉ የምወደው የቡሽ ዛፍ ነው። የዓለም ቡሽ ግማሽ ገደማው ከፖርቹጋል ነው የሚመጣው፣ ዛፉ አይቆረጥም፣ ቅርፊቱ ብቻ በመጥረቢያ ይገፈፋል፣ መጀመሪያ 25 ዓመት ሲሞላው፣ ከዛ በየ9 ዓመቱ፣ እና ለጠርሙስ መክደኛ የሚሆነው ጥሩው ቡሽ የሚገኘው ከሶስተኛው ግፈፋ ጀምሮ ነው፣ ማለትም የተከለው ሰው ከ40 ዓመት በላይ ይጠብቃል። ውስጡን ሳይነካ የሚገፍ ሰው ማግኘት ከባድ ስለሆነ የገፋፊዎቹ የቀን ክፍያ ከእርሻ ስራ ሁሉ ከፍ ካሉት ነው። ማሽን ያልተካው እጅ እንዲህ ይከበራል።

ግን ሁሉም እንደ ቡሽ አይደለም። የደን ምርት ሲሳካለት ከደኑ ይወጣል። የአማዞን ጎማ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ እንግሊዛዊው ሄንሪ ዊክሃም በ1876 ወደ 70 ሺህ ፍሬ ዘር ጭኖ ለንደን አደረሰ፣ ከዛ እስያ ላይ በመስመር ተተከለ፣ በ1910ዎቹ የአማዞን ለቃሚ ገበያው ከእጁ ወጣ። የካንሰር መድኃኒቱ ታክሶልም መጀመሪያ ከፓሲፊክ ዩው ዛፍ ቅርፊት ነበር የሚወጣው፣ በኋላ ከሌላ ዩው ቅጠል ከዛም ከዕፅዋት ሴል በታንክ ውስጥ መመረት ተቻለ፣ ቅርፊት ላጮቹን የሚፈልግ ጠፋ። የብራዚል ነት ግን እስካሁን በብዛት ከዱር ነው የሚለቀመው፣ ዛፉ አበባውን የሚያዳቅሉለት ትላልቅ ንቦች ያስፈልጉታል፣ ድንጋይ የመሰለውን ፍሬ ሰብራ ዘሩን የምትቀብርለት አጉቲ የምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ታስፈልገዋለች፣ ደኑን ነቅለሽ ማትረፍ አትችዪም። ስለዚህ አንድ ምርት ይዘሽ ስትነሺ «ይሄን ነገር ሌላ ሰው ሜዳ ላይ በመስመር ቢተክለው ምን ያህል ይቀላል?» ብለሽ ጠይቂ። ሙጫና እጣን ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፣ ዛፉ እረፍት ሳያገኝ ሙጫው እንዲወጣ በየዓመቱ ቅርፊቱ ከተበጣ ዘሩ ይደክማል፣ አሮጌ ዛፍ ብቻ የቆመበት ችግኝ የሌለበት ደን ይቀርሻል፣ ይሄ ደግሞ ለዓመታት አይታይም።

ኃይሉን በአጭሩ ልለፈው። ኦስትሪያ ውስጥ ጉሲንግ የምትባል ድሃ የድንበር ከተማ በ1990ዎቹ ከእንጨት ቺፕስ የሚሞቅ የጋራ የሙቅ ውሃ መስመር ዘረጋች፣ ርካሽ ሙቀቱንና መሸጫውን አይተው የፓርኬት ፋብሪካዎች መጡላት፣ ከየዓለሙ ጎብኚ ይጎርፍ ጀመር። በኋላ የሰሩት እንጨትን ወደ ጋዝ ለውጦ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ግን ለመብራቱ በሚከፈል የተደጎመ ታሪፍ ላይ የቆመ ስለነበር በ2016 ተዘጋ። ሙቀቱ ቀረ፣ መብራቱ ሄደ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ሙቀት ጥሬውን እንደወረደ ስለሚጠቀም ያዋጣል፣ መብራት ማመንጨት ግን በትንሽ መጠን ሲሆን በሌላ ሰው ድጎማ ነው የሚኖረው የሚል ነው። ከሰል ላይ ደግሞ በአፈር የሚቀበረው ባህላዊው አሰራር ከእንጨቱ ክብደት ከ10 እስከ 20 ፐርሰንት ከሰል ነው የሚሰጥሽ፣ የተሻሻለው ምድጃ ከ25 እስከ 30 ያደርሰዋል፣ ያው ከሰል በግማሽ ዛፍ ማለት ነው፣ ማንም ግን ባዮኢኮኖሚ ብሎ አይጠራውም፣ ቆንጆ አይደለማ። ከዓለም ደን ከሚወጣው እንጨት ግማሽ ገደማው እኮ አሁንም ማገዶ ነው።

«አረንጓዴ ነው» የሚሉሽን ደግሞ ዝም ብለሽ አትመኚ። ዛፍ ተመልሶ ስለሚበቅል ካርቦኑ ዜሮ ነው የሚባለው ደኑ ከሚቆረጠው በላይ ሲያድግ ብቻ ነው፣ ጊዜውም ረጅም ነው። ያው የምናደንቃት ፊንላንድ በ2021 ደኗና መሬቷ በድምሩ ካርቦን ከሚይዘው በላይ የሚለቅ ሆኖ ተገኘ፣ ቁረጣው ጨመረ፣ እድገቱ ቀዘቀዘ፣ ረግረግ ላይ ያለው አፈርም ይለቃል። ጣውላ ሆኖ ህንጻ ውስጥ ለ80 ዓመት የሚቆይ እንጨትና ነገ የሚቃጠል ፔሌት እኩል አይደሉም፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ጣውላ፣ ከዛ እንደ ችፑድ ያለ ሰሌዳ፣ መጨረሻ እሳት መሆን አለበት። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከልም ቁማር ነው፣ መካከለኛው አውሮፓ ከ2018 ድርቅ በኋላ ስፕሩሱን ጥንዚዛ ሲፈጀው ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆርጦ ገበያ አወጣ፣ የግንድ ዋጋ ወደቀ፣ አንዳንድ ባለ ደን የመቁረጫ ወጪውን እንኳ አልመለሰም።

ከምን ይጀመራል ላልሽው፣ እኔ ብሆን ማሽን ካታሎግ ሳልከፍት ደኑን እለካለሁ፣ በዓመት ስንት ሜትር ኩብ ይጨምራል የሚለውን ሳታውቂ የሚሰራ ቢዝነስ ፕላን ልብ ወለድ ነው። ከዛ የመቁረጥ መብቱ በማን ስም፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ በወረቀት አያለሁ፣ ከአንድ የዛፍ ዕድሜ ያነሰ ከሆነ ሰው አይተክልም። ከዛ ገዢውን ፈልጌ ምን ውፍረት፣ ምን ርዝመት፣ ምን ያህል ደረቅ እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ፣ አብዛኛው ሰው ይሄን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው። እነዚህ ሶስቱ ከተገኙ ከቦታ ቦታ የሚጎተት ባለ አንድ መጋዝ መሰንጠቂያና የማድረቂያ ጥላ ይበቃል ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግን መጋዝ የሚሞርድ አንድ ሰው መሰልጠን አለበት፣ የደነዘዘ መጋዝ ጣውላውን ወፍራምና ቀጭን አድርጎ ነው የሚሰነጥቀው፣ ገዢው ደግሞ አንዴ ካየ አይመለስም። አውሮፓ የመላክ ሀሳብ ካለ የአውሮፓ ህብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ህግ ምርቱ የወጣበትን መሬት በካርታ ነጥብ ማሳየት ስለሚጠይቅ የየባለ ደኑን ቦታ በጂፒኤስ ከአሁኑ መመዝገብ አይጎዳም።

አንቺ ያለሽበት ቦታ ላይ ያለው ዛፍ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ውፍረቱ በደረት ከፍታ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆንና ከመኪና መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ ካከልሽበት መሰንጠቂያው ያዋጣ እንደሆን አብረን እናሰላዋለን።